ጾመኛዋ ጊኒ ፒግ

መጀመሪያ ከአጥር ማዶ የሰማሁት ወሬ ነው፤ ዘመኑ ስለራቀ ግማሹን ረስቼዋለሁ። ሰሙነ ሕማማት ነበር።

«እማዬ፣ ጊኒ ፒጓ ዛሬም አልበላችም እኮ» አለች የጎረቤቴ የእትዬ ደብሪቱ ምራት።

«ተዪያት፣ ትጹም! ካንቺ ትሻላለች» አሉ እትዬ ደብሪቱ። ተሳሳቁ። እኔም ከወዲህ ሳቅሁ።

ያቺን ከጥንቸል የምታንስ፣ ጅራት የሌላት እንስሳ እንደ ልጅ ነው ያሳደጓት። ሣር የከብት ነው ብለው ዳቦ በሻይ እያራሱ ያጎርሷት ነበር።

የፋሲካ ዕለት ዳቦውን ሲያቀርቡላት ሮጣ መጣች። አፏን ከፈተች፤ ምራቋ ተዝረበረበ፣ ዳቦውም ወደቀ። ደግማ ሞከረች። አሁንም ወደቀ።

በማግስቱ እንስሳት ሐኪም ዘንድ አብሬያቸው ሄድኩ። ሐኪሙ አፏን በባትሪ አየ።

«እማማ፣ ይቺ አልጾመችም» አለ። «ጥርሷ ዕድሜ ልኳን ያድጋል፤ የሚሞርደው ሣር ነው። ሣር ሲያጣ ከግራና ከቀኝ አድጎ በምላሷ ላይ ገጥሟል። መዋጥ አቅቷት ነው እንጂ ርቧታል።»

«ቁረጥላት እንጂ፣ ልጄ!»

«ሰውነቷ አልቋል፤ ማደንዘዣውን አትችለውም። የቀረን ሥቃይዋን ማሳጠር ነው።»

 እትዬ ደብሪቱ በመጨረሻ፣ ሐኪሙ የመሞቻዋን መርፌ ሲወጋት በነጠላቸው ጠቅልለው እሳቸው ሊይዟት ተስማሙ።