አሮጌው ቴሌቪዥን

«እኔ ማሽን አልፈልግም!» አሉ ዓይነ ስውሯ እናት። የባላቸው አርባ ወጥቶ ልጃቸው ስንዱ አዲስ ቴሌቪዥን ገዝታላቸዋለች። አሮጌውን ቆራሌው እንዲወስደው በር ላይ አስቀምጣዋለች።

«እማዬ፣ ስልኬ ላይ ያለው አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ቴሌቪዥኑን እያየ ይነግርሻል።»

«አባትሽ ዕድሜ ልኩን እያየ ነግሮኛል። ‹ይኸው ሊያለቅስ ነው፣ አፍንጫው ቀላ› ይለኛል። ያንቺ ማሽን አፍንጫ ያያል?»

«ያያል! እንፈትነው።»

ስንዱ ባለፈው ፋሲካ ወላጆቿ ቴሌቪዥን ሲያዩ ጎረቤታቸው የቀረጸችውን ቪዲዮ ከፈተች። የአባቷ ድምፅ ቤቱን ሞላው። «ተመልከቺልኝማ፣ ሙሽራዋ ከመኪና ወረደች! ኧረ ዓይነ ርግቧን ነፋስ ወሰደው!» እናትየው በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ።

ማሽኑ ረጋ ብሎ ጀመረ። «አንድ ሽማግሌና አንዲት አሮጊት እጅ ለእጅ ተያይዘው ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። ሽማግሌው ወደ ቴሌቪዥኑ እያመለከተ ያወራል። ቴሌቪዥኑ ምስል አያሳይም፤ ስክሪኑ ጥቁር ነው።»

ስንዱ ቪዲዮውን አቆመችና አሮጌውን ቴሌቪዥን ሶኬት ላይ ሰክታ አበራችው። የዜና አንባቢው ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማ።

«እማዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ምስል የለውም እኮ። ድምፅ ብቻ ነው።»

ከውጭ «ቆራሌው!» የሚል ጥሪ ሲሰማ እናትየው ብድግ ብለው በዳበሳ በሩ ጋ ደረሱና ቴሌቪዥኑን አቀፉት።

«ሂድ አንተ! የሚሸጥ ዕቃ የለንም!»

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ነይ አግዢኝ፣ ቦታው እንመልሰው። ማሽንሽንም አምጪው። ጎበዝ ከሆነ፣ እንደ አባትሽ ይህን እያየ ይንገረኝ!»