ከልኩ ያለፈ ድምፅ

የሬድዮ ጣቢያው ቴክኒሻን የማጉያውን ኃይል ከልኩ በላይ ከፍ አደረገው። እህቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዜና እያነበበች ነበር። ከሩቅ መንደር በሬድዮ የሚያዳምጧት እናቱ በስልክ፣ «አሁን ገና ጥርት አለችልኝ፤ አንደበቷ ማር ነው» አሉት።

ማጉያ ካቅሙ በላይ ሲገፋ ግን ሞገዱን ያዛባና ወደ ጎረቤት መስመር ያፈሰዋል። ስክሪኑ ላይ የሞገዱ ግራና ቀኝ ሰፍቶ የአምቡላንሶችን የሬድዮ መስመር ሲረግጥ አየ። ያንን መስመር በሚያሰማው መቀበያም አንድ የአምቡላንስ ሾፌር፣ ድምፁ በእህቱ ድምፅ ተውጦ፣ «በየት በኩል ነው? አልሰማም፤ ድገሙልኝ» አለ።

እጁ መቆጣጠሪያው ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ዝቅ አደረገው።

«ውይ፣ ጠፋችብኝ» አሉ እናቱ።

«አለች እማዬ፤ አሁን ትመጣልሻለች» አለና እህቱን የሚሰማበትን ማዳመጫ ከጆሮው አውልቆ፣ እናቱ እንዲሰሟት ስልኩ ላይ ደፋው። የእህቱ ድምፅ ለእሱ ተቋረጠ። ክፍሉ ጸጥ ሲል የሾፌሩ ድምፅ ብቻ ቀረ፤ «ሰማሁ፤ ደረስኩ በሏቸው።»