ሾፌሩና ስለቱ

ወይዘሮ ለተክርስቶስ አውቶሞቢል ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው ነበር። ከራስ መኮንን ድልድይ ዳገቱን ጨርሰው ጊዮርጊስ ደጃፍ ሲቃረቡ ነጠላቸውን አጣፉ።

“አውርደኝ ልጄ” አሉት ሾፌሩን። ዕድሜ ልካቸውን እዚህ ሲደርሱ ከበቅሎ ወርደው፣ ተሳልመው ነው የሚያልፉት።

“ይህ በቅሎ አይደለም እሜቴ” አለ ሾፌሩ ዞር ሳይል።

አጠገባቸው የተሳፈሩት የወሎው ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ሙደሲር የሾፌሩን ትከሻ በከዘራቸው ነካ አደረጉ። “አቁምላቸው እንጂ፤ ምን ያስቸኩልሃል?”

ሾፌሩ እያጉረመረመ ደጃፉን ጥቂት አልፎ ቆመ፤ ሞተሩም አብሮ ጠፋ። ወይዘሮዋ ወርደው ተሳለሙ። ዞር ሲሉ ሾፌሩም ወርዷል። ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ፣ ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አድርጎ ጎንበስ ብሎ ይሰወራል፣ ብቅ ይላል፣ ደግሞ ጎንበስ ይላል። ላቡ ይንጠፈጠፋል።

ሐጂ ሙደሲር ግን ሾፌሩ እያዞረ ሞተር የሚያስነሳበትን ብረት ይዞ ሲወርድ ከመቀመጫቸው አይተዋል። “ይግቡ እንጂ እሜቴ” አሏቸው።

“ይቆዩ፣ ይጨርስ” አሉ ወይዘሮዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ለካስ ከኔ የባሰ ስለት አለበት።”

ሐጂ ሙደሲር ሊናገሩ አሉና ተዉት። ቆባቸውን አስተካክለው ወረዱ፤ ሾፌሩ እስኪጨርስም ከወይዘሮዋ ጎን ቆሙ።