የተበየደው ሳጥን

በያጁ ሳጥኑን የሠራው ከአለቃው በለመነው ትርፍራፊ ላሜራ ነው። ከጡብ ብዙም አይበልጥም። ጎኑንም ክዳኑንም አንድ ላይ በየደው። ቁልፍ የለውም፣ ማጠፊያ የለውም፤ ያለችው ከላይ ወረቀት የምታሾልክ ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ናት።

«ቁልፍ ካለው እጃችን ይለምዳል» አላት ሚስቱን። «ይሄ ለክፉ ቀን ነው።»

ክፉው ቀን የቱ እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል። የዓይን ሐኪሙ ከብየዳው እሳት ካልራቀ ከጥቂት ዓመት በኋላ ልጁን በድምጿ ብቻ እንደሚለያት ነግሮታል። ሥራ መተው ግን ለባለጸጋ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። በያጁ አወጣ አወረደና ሌላ ሥራ እስኪያገኝ ለአንድ ዓመት የሚያኖራቸው ገንዘብ ሲጠራቀም ሊተው ወሰነ። ለዚህ ደግሞ ከደሞዙ ሲሶው ሦስት ዓመት ሙሉ ሳጥኑ ውስጥ መግባት አለበት። እስከዚያ ከእሳቱ ፊት ንቅንቅ የለም።

ቅዳሜ ደሞዙን ተቀብሎ ሲመጣ ዓይኑ አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁረዋል። ገንዘቡን ለሚስቱ ይሰጣል፣ ጠብታውን ታደርግለታለች፣ እርጥብ ጨርቅ ዓይኑ ላይ ጣል አድርጎ ይጋደማል። ሚስትየው ልብስ ሰፊ ናት። ሳጥኑ ያለው ከስፌት መኪናዋ ሥር ነው። ትንሽ ቆይታ ጎንበስ ትልና በቀዳዳዋ ታሾልካለች። ወረቀቱ ሲወድቅ የሚሰማት ኮሽታ በሳምንቱ ውስጥ ከሚሰማው ሁሉ የሚወዳት ድምፅ ነበረች።

በሚስቱ ይኮራል። በቀረው ገንዘብ እንዴት እንደምታብቃቃ እሱም አይገባውም። እሷ እንደነገረችው፣ አከራዩ ኪራይ ሲጨምር ለምና አስተወችው። የልጅቷን ጥርስ የአንዷ ደንበኛዋ ዘመድ የሆነ ሐኪም በነጻ ነቀለላት። ጠብታውንም ጤና ጣቢያው በነጻ ይሰጣል። በምሳ ሰዓት በያጁ ለባልደረቦቹ ስለ ቁጠባ ይሰብካል። «ከእጅ ወደ አፍ የምትኖሩት ሚስት መምረጥ ስለማታውቁ ነው» ይላቸዋል።

ነገር የመጣው የሚስቱ ወንድም ለአንድ ሳምንት ብሎ ገብቶ ዓመት ሲሞላው ነው። ሥራ የለውም፣ ወሬ ግን አያልቅበትም። የሚተኛው ከሳጥኑ አጠገብ ነው። በያጁ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ማለት ያዘወትር ስለነበር አማቹ በየቅዳሜው ያሾፍበታል።

«ጋሼ፣ እንቁላሉ ዛሬስ እግር አወጣ?»

አንድ ቀን በያጁ ከወትሮው ቀደም ብሎ ቢገባ አማቹን ሳጥኑ ላይ ተጎንብሶ አገኘው። በእጁ ቀጭን ሽቦ ይዟል። የእህቱ መርፌ ወድቆ እየፈለገ እንደሆነ ተናገረ፤ ፊቱ ግን አመድ መስሎ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ እንቁላሉ መቀለድ ተወ። በጠዋት እየወጣ ሲመሽ ዳቦ ይዞ መግባት ጀመረ። ሥራ የሌለው ሰው ዳቦ ከየት ያመጣል? በያጁ ይህን ጥያቄ እሳቱ ፊት ቆሞ ቀኑን ሙሉ ያመነዥከዋል። ሳጥኑን ቢከፍተው እጁ ይለምዳል፤ ካልከፈተው አያውቅም። ሰውየውን ቢያባርረው የሚስቱን ወንድም ጎዳና መጣል ነው፤ ቢያስቀምጠው ደግሞ ዓይኑን እያስበላ ነው። ራሱን የገዛ ብየዳው ውስጥ ያሸገ መሰለው።

በመጨረሻ ሚስቱን ጠየቃት። የያዘችው መቀስ ከእጇ ወደቀ።

«ወንድሜ ከዚህ ሳጥን ምንም አልወሰደም» አለችው። «የገባው ሁሉ እንዳለ አለ። ልጄን!»

እህት ለወንድሟ መቼም እንዲህ ናት ብሎ ተዋት።

ሦስት ዓመቱ ሊሞላ አንድ ሳምንት ሲቀረው አንድ ዓመት እንዲጨምሩ ለመነችው። በያጁ ጨርቁን አንሥቶ የቀላ ዓይኑን አሳያት። ስፌቷን አቁማ አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች።

«የምነግርህ ነገር አለኝ።»

«የወንድምሽ ነገር ከሆነ ቅዳሜ ሳጥኑ ይነግረናል» አላት። እሷም አንገቷን ደፍታ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ቅዳሜ ደረሰ። በያጁ ሽርጡንና መነጽሩን በአለቃው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። አለቃው ቦታውን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥበት፣ ኋላ ተመልሶ ቢለምን እንደማይሰማው ነገረው። በያጁ ሳቀ፤ ሦስት ዓመት የዋጠውንም ስድብ ሁሉ አንድ በአንድ መልሶለት ወጣ። እንዲህ ቀሎት አያውቅም። ከአንድ ባልደረባው መቁረጫ ማሽን ተውሶ ቤቱ ሲደርስ የአማቹ ፍራሽ ተጠቅልሎ ግድግዳው ሥር ቆሟል፤ ሰውየው የለም።

ሳጥኑን ጎትቶ አወጣና ብየዳውን በጣቱ ዳሰሰው። የገዛ እጁ ሥራ ነው፤ ማንም አልነካውም። በአማቹ ላይ ባሰበው ሁሉ አፈረ። ከዚያ ማሽኑን አስነሥቶ ክዳኑን ዙሪያውን ቆረጠው። ጭሱ ዓይኑን አስለቀሰው፤ ምንም አይታየውም፤ እጁን ሰደደ። እስከ አፉ ጢም ብሏል።

«ሞልቷል» አለ እየሳቀ። «ወንድምሽን ፈልጊልኝ፣ ይቅርታ ልጠይቀው።»

ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም። እሱም ዓይኑን ጠረገና ከላይ ያለውን እጥፋት አንሥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋው።

ብጣሽ ወረቀት ነው፤ በሚስቱ እጅ ጽሑፍ «የዓይን ጠብታ» ይላል፤ ከሥሩ ያለው «ኪራይ»፣ ከዚያ ሥር ያለው «የልጅቷ ጥርስ»፣ ከዚያ ሥር ያለው ደግሞ እንደገና «የዓይን ጠብታ»።