የአምናው ቅርንጫፍ

«የሃይድራንጃ አበባዬ ፈክቶ ሳላይ የትም አልሄድም» ብላ ነበር እናቷ፣ ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤት የሸኟት ቀን። ልጅቷም ቃሏን ያዘችባት።

ተክሉ የሚያብበው በአምናው ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነው፤ ጫፉ ከተቆረጠ የዚያ ዓመት አበባ ቀረ ማለት ነው። ይህን ያስተማረቻት ራሷ እናቷ ናት። ስለዚህ ልጅቷ በብርዱ ወራት ተክሉ ያለበትን ማሰሮ ወደ ውስጥ ታስገባለች፣ ሙቀት ሲመጣ በረንዳ ላይ ታወጣዋለች፣ ውኃም አትነፍገውም። እምቡጥ ያዘለውን ጫፍ ግን እየተከታተለች ትቀነጥሰዋለች። እንዲህ እያለ ዓመት አለፈ። እናቷ ከአልጋ ባትነሳም በሕይወት አለች።

ዛሬ ጠዋት ልጅቷ ሾርባ ይዛላት ስትገባ እናቷ ፈገግ ብላ ጠበቀቻት።

«ዘንድሮስ ጉድ ነው! ሰማያዊ ሆኖ ፈነዳ አይደል?»

«እማዬ ደግሞ! በህልምሽ ይሆናል። ቅጠል ብቻ ነው እኮ።»

«እኔን ልትሸውጂ? ዘጠኝ ወር ተሸክሜ ያመጣሁሽን እኔን?» አለች እናቷ እየሳቀች። «አይዞሽ፣ አልተቆጣሁም። የአምናዎቹም አብረው መጥተዋል።»

ልጅቷ ሳህኑን አስቀምጣ ወደ በረንዳው ሮጠች። ማሰሮው ላይ ከቅጠል በቀር ምንም የለም። እፎይ ብላ ተመለሰች።

እናቷ ዓይኗን ከድናለች። ብርድ ልብሱን በስቶ፣ ከእግሯ እስከ ደረቷ፣ ሰማያዊ አበባ ጤዛ እንደያዘ ጥቅጥቅ ብሏል። ልጅቷ አንዱን ይዛ ሳብ አደረገችው።

አልነቀል አላት።