ጓዴ በምራቲቱ ላይ ለምን አጉረመረመ?

ግርርርር...

ጓዴ ዛሬም ጥርሱን አሳየ።

ሌባ ላይ እንዳይመስላችሁ... የቤቱ ምራት ላይ ነው!

ሳህን ይዛ በኮሪደሩ ስታልፍ የነበረችው ምራት ባለችበት ደርቃ ቀረች።

አማቷ ሶፋው ላይ ሆነው ሁሉንም አዩ።

እኚህ እናት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የቀሯቸው አንድ ልጃቸውና ውሻቸው ጓዴ ነበሩ። ጓዴን በጡጦ ነው ያሳደጉት። እንግዳ እንኳን ሲመጣ ጭራውን እየቆላ የሚቀበል፣ የዋህ ውሻ ነበር።

ታዲያ ልጃቸው ሚስት ካመጣ ወዲህ ይሄ ጸባይ ከየት መጣ?

ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ መልስ አላጣችም።

"እትዬ፣ ውሻ እኮ ዝም ብሎ ሰው አይጠላም... እርስዎ ሳይኖሩ የሆነ ነገር ብታደርገው ነው!"

ይህች ቃል ሆዳቸው ገባች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ማስረጃ ሆነ።

ምራቲቱ ስትገባ ጓዴ ጭንቅላቱን ያራግፋል... "ላያት አልፈልግም እያለ ነው!" ይላሉ እናትየው።

አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዝምሞ ይቀመጣል... "ፈርቷታል!"

አንድ ቀን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ የረጠበ ጥጥ አገኙ። አነሱት፣ አሸተቱት...

"ይሄ ምንድነው?"

"እ... ምንም አይደል እማማ፣ ሳጸዳ ነው" አለች ምራቲቱ ዓይኗን ሰበር አድርጋ።

ጥርጣሬያቸው ባሰ!

ልጅየው መሃል ገብቶ ተጨነቀ። ውሻው ሚስቱ ላይ ባጉረመረመ ቁጥር ጋዜጣ ጠቅልሎ አፍንጫውን ይለዋል። "ዝም በል!"

ውሎ አድሮ ጓዴ ማጉረምረሙን ተወ።

"ይኸው ታረመ!" አለ ልጅየው በኩራት።

እናትየው ግን በሆዳቸው... "አስፈራርታው ነው እንጂ" አሉ።

አንድ ጠዋት "ገበያ ደርሼ ልምጣ" ብለው ወጡ።

ገበያ ግን አልሄዱም... ልብስ ሰፊዋ ጋ ትንሽ ተቀምጠው በጓሮ በር ቀስ ብለው ተመለሱ።

ከልብስ ማጠቢያው ክፍል የጓዴ የስቃይ ድምፅ ይሰማል።

በሩ ገርበብ ብሏል። ምራቲቱ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ውሻውን ጉልበቶቿ መሃል ይዛዋለች። በእጇ ጥጥ አለ...

"ያዝኩሽ!"

በሩን በርግደው ገቡ።

"እማማ ይቆዩ! እንዳይነኩት!"

"በገዛ ውሻዬ አንቺ ልታዢኝ?!"

ጎንበስ ብለው የጓዴን ጭንቅላት ደረታቸው ላይ ጥብቅ አድርገው አቀፉ...

ጓዴ አላጉረመረመም። ጥርሱንም አላሳየም።

በቀጥታ ነከሳቸው!

በጡጦ ያሳደገውን እጅ...

የሚደማውን እጃቸውን ቧንቧ ስር አድርጋ በሳሙና ደጋግማ ያጠበችው ምራቲቱ ናት። ክሊኒክ የወሰደቻቸውም፣ መርፌ ሲወጉ ትከሻቸውን የያዘችውም እሷው ናት።

ልጅየው ከሥራ እየበረረ መጣ። "በቃ! ይሄ ውሻ ዛሬውኑ ይወገዳል!"

እናትየው ራሳቸውን ጠየቁ... ጓዴ ክፉ ሰው ለይቶ የሚጠላ ከሆነ... እሳቸውንስ ለምን ነከሰ?

"መጀመሪያ ሐኪም ይየው" አለች ምራቲቱ። "ጆሮው ታሟል መሰለኝ... ይሸታል። ላጸዳለት እየሞከርኩ ነበር።"

የእንስሳት ሐኪሙ የጓዴን አፍ አስሮ ጆሮውን በመብራት አየ። ፊቱን አጨማደደ።

"ውስጡ መግል ይዟል። ጭንቅላቱን አያራግፍም ነበር?"

"ያራግፋል..." አሉ እናትየው።

"አንገቱንስ አያዘምም?"

"ያ... ያዘማል።" ድምፃቸው እያነሰ ሄደ።

"ጆሮውን የሚነካው ማነው?"

"እኔ" አለች ምራቲቱ። "ጆሮውን ማሻሸት እወድ ነበር። እማማ ጀርባውን ነው የሚዳብሱት።"

"እሱ ነዋ! አልጠላሽም፤ የሚያመው ቦታ ላይ እጅሽ እንዳይደርስበት ፈርቶ ነው። በጥጥ መጎርጎርሽ ደግሞ አባሰበት፤ ቶሎ ልታመጪው ይገባ ነበር... ለመሆኑ ሲያጉረመርም ምን ታደርጉት ነበር?"

ልጅየው አንገቱን ደፋ። "እመታው ነበር... ከዛ ተወ።"

"ሕመሙ እኮ አልተወውም! ማጉረምረሙ 'እባካችሁ አትንኩኝ' ማለቱ ነበር። እሱን እየመታህ ስትከለክለው የቀረው መናከስ ብቻ ነው። የውሻ ጸባይ በድንገት ሲቀየር መጀመሪያ ሐኪም ጋ ነው የሚኬደው።"

ወደ ቤት ሲመለሱ መኪናው ውስጥ እናትየው ወደ ምራቲቱ ዞሩ።

"ለምን አልነገርሽኝም ልጄ?" አሉ።

ምራቲቱ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች።

"ብነግርዎት... ያምኑኝ ነበር?"

እናትየው በፋሻ የታሰረ እጃቸውን አዩ።

"አላምንሽም ነበር" አሉ። "ይቅር በይኝ።"

ጓዴ በመድኃኒት ዳነ። ፍርሃቱ ግን ቶሎ አልለቀቀውም፤ አንዳንዴ ምራቲቱ እጇን ስትዘረጋ ያጉረመርማል። አሁን የሚመታው የለም... ዘወር ትልለታለች፣ ሲረጋጋ ራሱ ይመጣል።

ልብስ ሰፊዋ ደግሞ የሌላ ሰው ምራት ማማት ስትጀምር እናትየው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቋታል።

"በዓይንሽ አይተሻል?"

ወዳጆቼ... ውሻው መናገር ስለማይችል፣ እኒህ ሰዎች መስማት የፈለጉትን አናገሩት። ጥርጣሬ ውስጣችን ከገባ ደግ ሥራው ራሱ ወንጀል መስሎ ይታየናል። ከመፍረዳችን በፊት የሚያመው የቱ ጋ እንደሆነ እንጠይቅ!

እናንተስ... በከንቱ ጠርጥራችሁት ኋላ ላይ ንጹህ ሆኖ ያገኛችሁት ሰው አለ? ይቅርታ ጠየቃችሁት... ወይስ እስከ ዛሬ ዝም ብላችሁታል? እስቲ ኮሜንት ላይ አጫውቱን።