የትናንት ማሲንቆ

እስኪ ንገሩኝ፤ ማሲንቆ በነሐሴ ዝናብ ያለ እሳት እንደማይጮህ የማያውቅ ሰው ደባርቅ ላይ የሙዚቃ ፌስቲቫል ያዘጋጃል?

ምስክር አያውቅም። የመድረኩ አስተባባሪ ነው፤ አንገቱ ላይ ባጅ፣ እጁ ላይ ሬዲዮ አለ። አሁን ዓይኔ እያየ ምድጃችን ላይ ውኃ ያፈሳል። ፍሙ ይንጫጫል፣ አመዱ ፊታችን ላይ ይበናል።

«እሳት ከመድረክ ጀርባ ክልክል ነው» ይላል።

«ምነው ልጄ፣ ምን በደለህ?» ይላሉ አያ ታገኘ። ማሲንቆአቸውን ከጭቃ ማጥ እንደሚያድኑት ሁሉ ወደ ላይ ከፍ አድርገው ይዘውታል።

አያ ታገኘ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከዳባት እስከ ደባርቅ እሳቸው ያላጫወቱት ሰርግ የለም። ከእኔ ጊታርና ከሙሌ ድራም ጋር መጫወት ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆነ፤ እንዲህ ያለ መድረክ ስናገኝ ግን ይህ የመጀመሪያችን ነው። የተሰጠን አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ዘፈኖቻችን ሁሉ ከማሲንቆው ይነሳሉ፤ ማሲንቆው ከሌለ እኛም የለንም።

የማሲንቆ ፊት ቆዳ ነው። እርጥበት ሲያገኘው ይረግባል፣ ድምፁም ጉንፋን እንደያዘው ሰው ይታፈናል። ለዚህ ነው ከጠዋት ጀምሮ ምድጃ ዳር ሲሞቅ የዋለው። አሁን ዝናቡ ድንኳኑን ይደበድባል፣ ጉሙ እስከ ጉልበታችን ገብቷል፣ ምድጃው ጥቁር ጭቃ ሆኗል። መድረኩ ላይ የተሰቀለው ሸራ «ሰመር» ይላል፤ የምትስቅ ቢጫ ፀሐይ ተስላበታለች። ውኃው ከፀሐይዋ አገጭ ላይ ይንጠባጠባል።

«የቪአይፒው ጥብስስ?» እላለሁ። የፍልሰታ ጾም ከተፈታ አምስት ቀኑ ነው፤ ከአጥሩ ማዶ በግማሽ በርሜል ከሰል ሥጋ ይጠበሳል። «እሱ እሳት አይደለም?»

«እሱ ኬተሪንግ ነው፣ እህቴ።»

ማሲንቆውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ጥብሱ እሮጣለሁ። በር ላይ ያለው ጥበቃ ፊቴን ሳይሆን እጄን ያያል።

«ቢጫ ነሽ። እዚህ የሚገባው ሰማያዊ አምባር ያሰረ ነው።»

«እኔ ልቅር! ማሲንቆው ብቻውን ይግባ፣ ሁለት ደቂቃ ከሰሉ አጠገብ አቁምልኝ።»

«ማሲንቆው አምባር አለው?» ይለኛል። ደግሞ ይስቃል።

ስመለስ ሙሌ ማሲንቆውን ከእጄ ተቀብሎ፣ ጃኬቱን ከፍቶ ደረቱ ላይ ይለጥፈዋል።

«ሚስትህን እንዲህ አቅፈሃት ታውቃለህ?» ይሉታል አያ ታገኘ።

«እሷ አትረግብም፣ አያ።»

ማንም አይስቅም። አያ ታገኘ ተቀብለው አንድ ጊዜ ይገዘግዙታል። የሚወጣው ድምፅ አይደለም፤ ሲቃ ነው።

ምስክር እየሮጠ ይመጣል፤ ፊቱ በርቷል። «ተፈታ! ትናንት ሳውንድ ቼክ ስታደርጉ ማሲንቆውን ቀድተነው ነበር። ትራኩን እንለቀዋለን፣ ፋዘር ዝም ብለው እጃቸውን ያንቀሳቅሳሉ።»

«ያስመስሉ ነው የምትለው?» እጮኻለሁ።

«የራሳቸው ድምፅ ነው እኮ! ምን ይጎድላል?»

አያ ታገኘ ቀስ ብለው ይመልሱለታል። «ትናንት ሜዳው ባዶ ነበር፣ ልጄ። ለወንበር ነው የተጫወትሁት። አዝማሪ ፊት ያያል። ያችን ሴት፣ ያን ሽማግሌ አይቼ ነው እጄ የት እንደሚሄድ የማውቀው። ለወንበር የተጫወትሁትን ዛሬ ለሰው ልስጠው?»

«ፋዘር፣ ሁለት ደቂቃ ነው የቀረን። ካልወጣችሁ የሚቀጥለውን ባንድ አስገባለሁ።»

ልሰድበው አፌን ስከፍት አያ ታገኘ ክንዴን ይይዛሉ። «ተይው፣ ትሕትና። እንውጣ።»

ከምስክር ይልቅ በእሳቸው እናደዳለሁ። እኔ ለእሳቸው ስሟገት እሳቸው እሺ ይላሉ? ሁለት ዓመት የለፋነው ለዚህ ነው? ጊታሬን አንጠልጥዬ፣ ፊታቸውን ላለማየት እየታገልኩ ከኋላቸው እወጣለሁ።

ሜዳው ሞልቷል። ሰው ጃንጥላ ይዞ፣ ላስቲክ ደርቦ ቆሟል። ከጃናሞራ በእግር የመጡም አሉ፤ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ነው። ከፊት አንዲት ሴት እጇን ታውለበልባለች። «አያ ታገኘ! ሰርጌን ያጫወቱ! ወርቄ ነኝ!»

አያ ታገኘ ያዩዋታል። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ይሏታል።

ሙሌ በዱላው አራት ይቆጥራል። ማሲንቆው ከድምፅ ማጉያው ይወርዳል፤ ጥርት ያለ፣ ደረቅ፣ ፀሐይ የሞቀ።

አያ ታገኘ ደጋኑን ከፍ አድርገው ይዘውታል። አያወርዱትም።

ማሲንቆው ያለቅሳል፤ ደጋኑ አየር ላይ ቆሟል። የሚያጨበጭቡት የወርቄ እጆች መሃል ላይ ይቀራሉ። ከኋላ አንድ ሰው ይስቃል፣ ከዚያ ማጉረምረም ይነሳል። ሙሌ ዱላዎቹን ጭኑ ላይ ያስቀምጣል። እኔ ጣቶቼን ከክሩ ላይ አነሳለሁ። የትናንቱ ማሲንቆ ብቻ፣ ሰው የሌለበት ይመስል፣ ይቀጥላል። ከደጋኑ ጫፍ አንድ ጠብታ ውኃ ይወድቃል።

ምስክር በመጋረጃው ቀዳዳ ቀጥሉ፣ ቀጥሉ እያለ እጁን ያሽከረክራል።

ማይኩን ከማቆሚያው እነቅለዋለሁ።

«ምስክር! ከመጋረጃው ጀርባ ውጣ። እዚህ፣ መብራቱ ስር ና። ወርቄን እያየህ፣ ከጃናሞራ በእግሩ የመጣውን ሰው ሁሉ እያየህ መልስ፤ የእኚህን ሰው እሳት ለምን አጠፋህ?»